የካርቱም ፊልሞች በእኔ ደብተር

ቤቱን መጀመሪያ ያወቅሁት በጠረኑ ነው። አዲሷ አሠሪዬ፣ ዶክቶራዋ፣ የብረቱን በር ከፍታ ስታስገባኝ አቼቶ የፈሰሰ መሰለኝና ዐይኔ ወለሉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ፈለገ።

«ከአባቴ ክፍል ነው የሚመጣው» አለችኝ። «ላጥፋው ብለሽ አትልፊ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሞክሬ አቅቶኛል።»

ቤቱ ካርቱም ሁለት የሚባል ሰፈር ነው። ከወሎ ወጥቼ በመተማ በኩል ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉ አርካዊት በሚባል ሰፈር፣ ዐሥራ አንድ ሰው በሚኖርበት ቤት፣ ልብስ ሳጥብ ነው የከረምሁት። እዚህ ግን አባትና ልጅ ብቻ ናቸው ያሉት። ዶክቶራዋ ሶባ ካለው ሆስፒታል ስለምትሠራ ማለዳ ወጥታ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ወደ ማምሻው ነው የምትመለሰው። የእኔ ሥራ ማብሰል፣ ማጽዳትና አባቷን መጠበቅ ነበር። ሰው ሁሉ ሐጅ ይላቸዋል፤ እኔም ሐጅ አልኳቸው። ስኳር አንዱን ዐይናቸውን ጨርሶ ወስዶታል፤ በሁለተኛው ብርሃንና ጥላ ብቻ ይለያሉ።

ክፍላቸው ውስጥ፣ በጠፍር የተሠራው፣ አንግረብ የሚሉት አልጋቸው ሥር፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ በግድግዳው ዙሪያ የተደረደረው ሁሉ ክብ ቆርቆሮ ነው፤ ዝገት የበላው። የሐላዋ ጣሳ መስሎኝ ነበር። በገባሁ በሳምንቴ አቧራውን ልጥረግ ብዬ አንዱን ከፈትሁ። ውስጡ እንደ እባብ የተጠቀለለ ጥቁር ጥብጣብ አለ፤ ያ የአቼቶ ሽታ ከእሱ ነበር የሚመጣው። ሐጁ የክዳኑን ድምፅ ሰሙ።

«ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ ሐጅ። አቧራ ልጠርግ ብዬ ነው።»

«በእጅሽ ነካሽው?»

«አዎ።»

ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «በሳሙና ታጠቢ፤ በደንብ አድርቂና ነይ» ብቻ አሉኝ። ስመለስ ጥብጣቡን በሁለት ጣታቸው አንስተው አሳዩኝ። «ዳርና ዳሩን ነው የሚያዘው፤ መሃሉን አትንኪ። መሃሉ ላይ ሰው አለ።»

ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ያዝሁት። እውነትም ሰው አለ። ከጥፍሬ ብዙም የማይበልጡ ሥዕሎች፣ አንዱ ከሌላው ሥር፣ ተደርድረዋል።

«ምን ታያለሽ?»

«ሰውዬ አህያ ላይ ተቀምጧል። ቀጥሎም እሱ ነው። ቀጥሎም እሱው ነው። አይለወጥም እንዴ?»

ሳቁ። ሲስቁ የሰማሁት ያኔ ነው መጀመሪያ። «ይለወጣል፤ ቀስ ብሎ ነው። ሃያ አራቱ ሲያልፉ አንድ ሰከንድ ነው። እግሩን እይ።» እግሩን አየሁ። ታች ታች ስል የሰውየው እግር ከአህያዋ ሆድ ትንሽ ትንሽ እየራቀ ይሄዳል።

ከዚያ ያልሆነ ጥያቄ ጠየቅሁ። «ፊልሙ ከየት የመጣ ነው ሐጅ? ከግብፅ ነው?»

ፊታቸው ተለወጠ። «ከግብፅ!» አሉ። «አንቺም እንደነሱ! ሰው ሁሉ ፊልም ከግብፅ ይመጣል፣ ከህንድ ይመጣል ይላል። ይኼ ካርቱም ነው የተነሣው። ካርቱም ነው የታጠበው። በዚህ እጄ ነው ያጠብሁት።»

እኔም የአገሬን ሰው እመስላለሁ። ካርቱም ለእኛ መተላለፊያ ናት፤ ሠርተን፣ ኢቃማችንን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን፣ አድሰን፣ ከፖሊስ ተጠንቅቀን የምናልፋት። ፊልም ተሠርቶባታል ብሎ የነገረኝ የለም። ደግሞ ማን ይነግረኛል? የከተማው ልጆች ራሳቸው አያውቁትም። ዶክቶራዋ እንኳ አባቷ በወጣትነታቸው «ለመንግሥት ፎቶ ያነሡ ነበር» ከማለት አታልፍም።

ሐጁ ታሪኩን ባንድ ቀን አልነገሩኝም። ሽንኩርት ስልጥ ትንሽ፣ ልብስ ሳጥፍ ትንሽ እያሉ ነው። ገና ጢም ሳያወጡ ፊልም ከሚሠራበት ቤት ገቡ። አለቃው የውጭ ሰው ነው። የተነሣው ፊልም ሁሉ ባሕር ማዶ ተልኮ ይታጠብና ከወራት በኋላ ይመለሳል፤ ሲመለስም ሌላ ሰው እንደፈለገው ቆርጦ ቀጥሎት ነው። ለምን እዚሁ አይታጠብም ሲሏቸው አለቃው «በዚህ ሙቀት የፊልሙ ቆዳ ይቀልጣል፤ አይሆንም» አለ። ሐጁና ሁለት ጓደኞቻቸው ግን ሙቀትን ከእሱ በላይ ያውቁታል። በከተማው በየደጁ ለመንገደኛ ውሃ የሚቀመጥበት ትልቅ የሸክላ ጋን አለ፤ ዚር ይሉታል። ዚር በግንቦት ሐሩርም ውሃ ያቀዘቅዛል። ሦስት ዚር አመጡ። ፊልም የሚታጠብበትን መድኃኒት በዚሩ አደረጉት፤ ዚሩን እርጥብ ጆንያ አለበሱት፤ ከበረዶ ፋብሪካ በረዶ አምጥተው ዙሪያውን ከበቡት። አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ ላይ የረጠበ አንሶላ ሰቀሉ። ጎህ ሲቀድ አጠቡት።

«ከዚያስ?» አልኋቸው፤ ሽንኩርቱ እያረረ።

«ከዚያማ አለቃው መጣ። አጉሊ መነጽሩን ዐይኑ ላይ አድርጎ አየ። ብዙ አየ። መነጽሩን ኪሱ ከትቶ ወጣ። በማግሥቱ ሌላ ሦስት ዚር ግዙ ብሎ ላከ።» ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። «ከዚያ ወዲያ የካርቱም ፊልም ካርቱም ታጠበ። ከሌላ ከተማም ይላክልን ጀመር። ይኼን የሚያውቅ አሁን ማን አለ? ሁለቱም ጓደኞቼ አፈር ውስጥ ናቸው።»

አንድ ቀን «እኔ ስሞት ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን የሚያውቅ አይኖርም» አሉ። ስልሳ ሁለት ቆርቆሮ ነው። በላዩ የነበረው ወረቀት ተልጦ ወድቋል፤ የቀረውም ደብዝዟል።

«ሐጅ፣ እኔ ላይልዎት፤ እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ማን ይጽፈዋል?»

«እኔ በዐረብኛ መጻፍ አልችልም።»

«በምን ትችያለሽ?»

«በአማርኛ። እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተምሬያለሁ።»

«በአማርኛ ጻፊያ።»

«ማን ያነበዋል ሐጅ?»

«አንቺ ታነቢዋለሽ» አሉኝ። «እኔ ሰው እንዲኖርበት ነው የምፈልገው። በማን ፊደል ይኑር ግድ የለኝም።»

ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁ። ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ በመስኮቱ ቀጥ ብላ ስትገባ፣ መስኮቱ ላይ ነጭ አንሶላ እወጥርና በሐጁ አጉሊ መነጽር ጥቅሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየዋለሁ። ሐጁ አሮጌ የብረት መጠቅለያ ነበራቸው፤ ሁለት እጀታ አለው። እሳቸው በቀኝ በኩል ያዞራሉ፤ እኔ በግራ እይዛለሁ። እኔ «ሰዓት ያለበት ሕንፃ፣ በፊቱ የሚያልፍ ባቡር፤ ሰዎች በጎኑ ተንጠልጥለዋል» እላለሁ። እሳቸው ይስቁና «ትራም ነው፤ የተንጠለጠለው ባለ ኮፍያ እኔን ካሜራ ያስተማረኝ ነው» ይላሉ። እኔ ያንን እጽፋለሁ። ጥጥ ለቃሚዎች፣ የእንፋሎት መርከብ፣ የሠርግ ከበሮ፣ ኳስ የሚጫወቱ ጫማ የለሽ ወታደሮች፣ ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበት ቦታ፤ አንዱ ውሃ ጠቆር፣ አንዱ ነጣ ብሎ። አንዳንዱ ጥቅል እርስ በርሱ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል። እሱን «ያልታየ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሐጁም በልባቸው የሚያስታውሱትን ይነግሩኛል። ስድስት ወር ፈጀብን።

ጁምዓ ጁምዓ አርካዊት ያለች ጓደኛዬ ዘንድ እሄዳለሁ። «ሰው ሐበሺያ ሆኖ ሰው ቤት ይቀጠራል፤ አንቺ ሲኒማ ቤት ተቀጠርሽ!» እያለች ትስቅብኛለች። ብትስቅም ደስ ይለኝ ነበር። በሐፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ተሳፍሬ ስመለስ መንገዱን በሌላ ዐይን ነበር የማየው። ትራሙ እዚህ ጋ ነበር የሚታጠፈው እላለሁ በልቤ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሱዳናዊ የማያውቀውን እኔ አውቃለሁ።

ዐሥራ አራተኛውን ቆርቆሮ ከፈትን። ታሪክ ያለው አጭር ፊልም ነው። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ወንዙ ሞልቶበት ሲታገል ዳርቻው ላይ የቆመች ሴት በእጇ እየጠራች መንገድ ታሳየዋለች። ሴቲቱ ቶቧን፣ ያንን ረጅም የሱዳን ነጠላ፣ ተከናንባ ፊቷ ብቻ ይታያል። በጣም ወጣት ነች። ትስቃለች፤ ወዲያው ሳቋን በቶቧ ጫፍ ትሸፍናለች።

ያየሁትን ስነግራቸው «እሷ ናት» አሉ ሐጁ። «ሚስቴ ነች፤ አላህ ይዘንላት። ከተጋባን ሦስት ወራችን ነበር። ማንም ቤተ ሰብ ሴት ልጁን ለፊልም አልሰጥም አለ። እሷ ናት፣ እኔ እቆማለሁ ብላ የተነሣችው። ወንድሞቿ ሲሰሙ ዓመት አኮረፉን። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቀን እንዳናነሣ ተማምለን ተውነው።»

«ልጆችዎ አያውቁም?»

«አያውቁም።»

እሱንም ጻፍሁት።

ከወራት በኋላ ከዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገር የሐጁ ወንድ ልጅ መጣ። መሐንዲስ ስለሆነ ሁሉም ባሽሙሐንዲስ ይለዋል። የልጁን ሠርግ በአባቱ ቤት ሊደግስ ነው። ክፍሎቹን አየ፤ አፍንጫውን ያዘ። ሐጁ ጎረቤት እየመራቸው መስጊድ በሄዱበት ሰዓት ጠርቶኝ «ይኼን ዝገት ዛሬውኑ አውጪልኝ፤ መኪና አዝዣለሁ። እንግዳ በዚህ ሽታ አይገባም» አለኝ።

እኔ ሠራተኛ ነኝ፤ ኢቃማዬ በዚህ ቤት ስም ነው። «አይሆንም» አልሁት።

«ምን አልሽ?»

«መጀመሪያ አንዱን ይዩልኝ። ካዩት በኋላ ጣዪ ካሉኝ ራሴ እጥላለሁ።»

የተናደደ ሰው ነው፤ ነገር ግን ግራም ገብቶታል። ዐሥራ አራተኛውን አወጣሁ። አንሶላውን ወጠርሁ። አጉሊ መነጽሩን በእጁ ሰጠሁትና «ሴትየዋን ይዩ» አልሁት። ጎንበስ ብሎ አየ። ጥብጣቡን ቀስ ብዬ ጎተትሁለት። ስቃ በቶቧ የምትሸፈንበት ጋ ስንደርስ እጄን ያዘና አስቆመኝ።

«ይቺ ማን ናት?» አለ፤ ግን አውቋታል። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆኖ ነበር። ጀላቢያው አቧራ እንዲነካው ሳይሳሳ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሐጁ ከመስጊድ ሲመለሱ አባትና ልጅ ብዙ ተነጋገሩ፤ እኔ ወጥ ቤት ነበርሁ፤ አልሰማሁም። መኪናው ሲመጣ ባሽሙሐንዲሱ ራሱ ወጥቶ መለሰው። ሠርጉም በዚያው ሽታ ተደገሰ፤ የሞተ ሰው የለም።

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ያመጣልን ባሽሙሐንዲሱ ነው፤ መምህሩ የአብሮ አደጉ ወንድም ነው። መምህሩ ቆርቆሮዎቹን ሲያይ ዐይኑ እንባ ሞላ። «ዝርዝር አለው?» ሲል ሐጁ ወደ እኔ ጠቆሙት። ደብተሬን ሰጠሁት። ገለበጠ፤ አገላበጠ፤ ከፍ አድርጎ አየው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አማርኛ ነው ኡስታዝ።»

«የካርቱም የመጀመሪያ ፊልሞች መዝገብ በአማርኛ ነው የተጻፈው?» አለ። ሊስቅ ነው ወይስ ሊያለቅስ አላወቅሁም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ብዕሩን አወጣ። «ያላ፣ አንብቢልኝ።» ሦስት ቀን አነበብሁለት። እኔ በአማርኛ እያየሁ በተሰባበረ ዐረብኛዬ እላለሁ፤ እሱ ይጽፋል፤ ሐጁ ያርማሉ። አንድ ቦታ ላይ ሐጁ «አይደለም፣ መርከቧ ወደ ላይ ነው የምትሄደው» ቢሉ እኔ «ሐጅ፣ ያን ቀን ወደ ታች ነው ያሉኝ፤ እዚህ ተጽፏል» አልኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ልክ ነሽ» አሉ። መምህሩ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያናግረኝ «ኡስታዛ»፣ መምህርት፣ ይለኝ ነበር።

ሊድኑ የቻሉትን ጥቅሎች ወደ ኮምፒውተር አስገለበጣቸው። ከዚያም በአንድ ኮሌጅ አዳራሽ ለሰው ሊያሳይ ሆነ። ሐሙስ ጧት ነበር። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋርደዋቸዋል። እኔ የነበረኝን ጥሩ ቀሚስ ለብሼ ሐጁን በክንዳቸው ይዤ ደረስሁ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ሐጁን አሳለፈና እኔን በእጁ ከለከለኝ።

«ሻይ ሻጮች በውጭ ነው» አለኝ።

እኔ ለመመለስ ዞሬ ነበር። ለምጄዋለሁ። ሐጁ ግን ክንዴን አለቀቁም።

«ምን አልኸኝ ልጄ?» አሉት ዘበኛውን።

«እሷን ነው ሐጅ። እርስዎ ይግቡ።»

«ዐይኔን በር ላይ ጥዬ ልግባ?»

ዘበኛው ያልገባው መስሎ ቆመ። ሐጁም ቆሙ። ከኋላችን ሰው ተሰለፈ። በመጨረሻ ዘበኛው እጁን አወረደና «ማሊሽ፣ ማሊሽ» እያለ ይቅርታ ጠይቆ አሳለፈን።

ከፊት ወንበር አስቀመጡን። ዶክቶራዋ ከሶባ ቀርታ መጥታለች፤ ከአርካዊትም ጓደኛዬ ሌሎች ሦስት የወሎ ልጆች አስከትላ በኋላ ረድፍ ተቀምጣለች። ፊልሞቹ ድምፅ የላቸውም። መምህሩ ድምፅ ማጉያውን ለሐጁ ሰጣቸውና እንዲናገሩ ለመናቸው። ግን እሳቸው አያዩም። ስለዚህ እኔ በጆሯቸው «ትራም» እላለሁ፤ እሳቸው ለአዳራሹ ስለ ትራሙ ያወራሉ። «ጥጥ ለቃሚዎች» እላለሁ፤ ያወራሉ። ስለ ዚሩ ሲናገሩ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «ትራሙ ላይ ያለው አጎቴ ነው! ወላሂ አጎቴ ነው!» ብለው ጮኹ።

ዐሥራ አራተኛው መጣ። «ጀልባ» አልሁ። ተናገሩ። «እሷ» አልሁ። ጠበቅሁ። ድምፅ ማጉያውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ ማሳያው አቅንተዋል፤ የሚታያቸው ብርሃን ብቻ ነው። አዳራሹ ተጠባበቀ። መምህሩ በምልክት ምን ሆኑ አለኝ። ሐጁ ድምፅ ማጉያውን ከጉልበታቸው አንስተው በእጄ አደረጉት።

«ተናገሪ» አሉኝ።

እኔ በሕይወቴ በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ዐረብኛዬም የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው። ቆምሁ። «ይቺ ሴት» አልሁ፤ ድምፄ በአዳራሹ ውስጥ ሲዞር ደነገጥሁ። «ይቺ ሴት ባሏ ይኼን ፊልም እንዲሠራ ብላ ቆመች። ሌላ ሴት እንቢ ስትል እሷ እሺ አለች። ወንድሞቿ ተቆጡ። እሷ ግን እዩ፣ ትስቃለች። በዚህ ከተማ ለፊልም የቆመች የመጀመሪያዋ ሴት ሳትሆን አትቀርም። ይኼ የእናንተ ከተማ ነው። ልትኮሩበት ይገባል።» ሌላ ቃል አላገኘሁም፤ ተቀመጥሁ።

መጀመሪያ ያጨበጨቡት የዶክቶራዋ እጆች ናቸው። ከዚያ ሁሉም ተነሣ። ከኋላ ጓደኛዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ሱዳናውያኑ ሴቶችም ተቀበሏት። ስንወጣ ሰዎች ሐጁን ሲስሙ እኔንም ይጨብጡኝ ነበር፤ አንዲት ሴት ለሌላዋ «ያነበበችው ሐበሺያዋ ናት» ስትል ሰማሁ። ለወትሮው በንቀት የምንጠራበት ያ ስም ሲጠራ ራሴን ቀና ያደረግሁት ያን ቀን ነው።

ሐጁ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ከመነሣቱ በፊት በነበረው ክረምት አረፉ፤ በአንግረባቸው ላይ፣ ልጃቸው እጃቸውን ይዛ። ያንን ሁሉ ተኩስ ስላልሰሙ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ጦርነቱ ሲመጣ ዶክቶራዋ ወደ ፖርት ሱዳን፣ እኔ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ ወጣን። ቆርቆሮዎቹ ምን እንደሆኑ የምናውቀው የለም፤ ቤቱን ያየ ሰው አላገኘንም። እኔ በሻንጣዬ የያዝሁት ፓስፖርቴን፣ ሁለት ቀሚስና ደብተሩን ነው።

አሁን ኮምቦልቻ ነኝ፤ ልብስ እሰፋለሁ። ባለፈው ዓመት ስልኬ ጮኸ፤ የውጭ ቁጥር ነው። መምህሩ ነበር። የተገለበጡትን ፊልሞች ይዞ ወጥቷል፤ ያን ጊዜ የጻፈው የዐረብኛ ዝርዝር ግን ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል። «ፊልሞቹ አሉኝ፤ ማን ማን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ደብተርሽ አለ?» አለኝ።

«አለ» አልሁት።

በየቀኑ ማታ ሥራ ስጨርስ በስልክ አነብለት ነበር፤ ከአንደኛው እስከ ስልሳ ሁለተኛው፤ «ያልታየ» ያልኋቸውንም ጭምር። ዐረብኛዬ ትንሽ ዝጓል፤ እሱ ይታገሠኛል። የጨረስን ዕለት መዝገቡ ሊታተም እንደሆነ ነገረኝ። ከሐጁ ስም ቀጥሎ የእኔንም ሊያስገባ ስሜ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ። የእኔን፣ የአባቴን፣ የአያቴን ስም እየለያየሁ፣ ፊደል በፊደል ነገርሁት።